ሁለት ሳምንት ብቻ

አልጋው ሚዛኑ ላይ ነበር።

ደወል መጀመሪያ ያየችው ራስጌውን ነው። ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ የብረት አልጋ፣ ተፈታቶ በገመድ የታሰረ። አንደኛው ዘንግ ላይ በጥፍር ቀለም የተነጠቡ ቀያይ ነጥቦች አሉ። አሥራ አንድ ናቸው፤ መቁጠር አላስፈለጋትም። አራተኛ ክፍል እያሉ፣ ዝናቡ አላቆም ያለ አንድ ቅዳሜ፣ ስድስቱን የነጠበችው እሷ ራሷ ናት። አምስቱን ጓደኛዋ ሽቦ።

«አባዬ፣ ይሄ የሽቦ አልጋ አይደል እንዴ?»

አባቷ ቀና አላለም። የባቡር ጣቢያው የጓዝ ክፍል ሠራተኛ ከሆነ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕቃ እየመዘነ ማውራት አይወድም። ጠቋሚው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቀና «ሃያ ስምንት ኪሎ» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

«እየጠየቅሁህ እኮ ነው!»

«እኔም እየሠራሁ ነው። ስንቴ ልንገርሽ? ሰው ምን እንደላከ ለሰው አይወራም። እዚህ ሚዛን ላይ የወጣ ነገር እዚሁ ይቀራል።»

መናገርም አላስፈለገው። ከኋላው፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የሽቦ እናት የልብስ ስፌት መኪና ቆሟል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ረጅም ነገር ቁም መስታወቱ መሆን አለበት። ሦስት ፍራሽ። የድስትና የሳህን ካርቶን። ሁሉም ላይ በአባቷ የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ «የቅዳሜው ባቡር» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል።

ሽቦ የነገረቻት ሌላ ነበር። «አክስቴ ጋ ነው የምንሄደው። ሁለት ሳምንት ብቻ! ገና ሳልናፍቅሽ ከች እላለሁ» ነበር ያለቻት፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።

ለሁለት ሳምንት አልጋውን ነቅሎ የሚሄድ ሰው የለም።

ደወል የመጣችው ለጣቢያው ታሪክ ጽሑፍ ሚዛኑ መቼ እንደተገዛ ልትጠይቅ ነበር። ደብተሯን ደረቷ ላይ እንደያዘች ምንም ሳትጠይቅ ወጣች።

*

«ደወል» የክፍል ጓደኞቿ ያወጡላት ቅጽል ስም ነው፤ ስታንሾካሹክ እንኳ ከአጥር ውጪ ትሰማለች ይሏታል። ሽቦን ሽቦ ያለቻት ደግሞ ደወል ናት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ብትታጠፍም ስለማትሰበር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መምህራኑ ለይተው ሊያስቀምጧቸው ሞክረው ነበር፤ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ሲያወሩ ክፍሉ በሙሉ ስለሚሰማ ወደ ቦታቸው መለሷቸው።

ላለፈው አንድ ወር ሁለቱን ያጣበቃቸው አንድ ጽሑፍ ነበር። የከተማው የባቡር ጣቢያ ከተከፈተ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚህ ቅዳሜ በኋላ ግን መንገደኛ አይጫንበትም፤ የጭነት ባቡር ብቻ ሳይቆም ያልፋል ተብሏል። የጥገና ጋራዡ ቀደም ብሎ ነው የተዘጋው። የሽቦ አባት እዚያ መካኒክ ነበር። የታሪክ መምህራቸው ይህን ሲሰሙ «ጣቢያው ሲከፈት ንግግር ተደርጎለታል። ሲዘጋ ዝም ቢባል ነውር ነው» አሉና ሁለቱን መረጡ። የጣቢያውን ታሪክና አገልግሎት ይጽፋሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻው የመንገደኛ ባቡር ከመነሳቱ በፊት፣ መሳፈሪያው ላይ ቆመው እየተፈራረቁ ያነባሉ።

መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነገር አላገኙም። ያገኙት አባባ ባንዲራን ነው። አባባ ባንዲራ የሽቦ አያት ናቸው። መንገዱና ሐዲዱ የሚገናኙበት ማቋረጫ ላይ አርባ አንድ ዓመት ቆመው አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ አውለብልበዋል፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራቸው በዚሁ ነው። አሁን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ጭንቅላታቸው ግን መዝገብ ቤት ነው። በቀን አራት ባቡር ይቆም በነበረበት ጊዜ የትኛው በስንት ሰዓት ይገባ እንደነበር ከነደቂቃው ይናገራሉ። በሦስቱ የትኬት መስኮቶች ማን ማን ይቀመጥ እንደነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ የክሊኒኩ መድኃኒት በምን ዓይነት ሣጥን ይመጣ እንደነበር፤ ከገጠር ተማሪዎችን እያመጣ ማታ የሚመልሰው ባቡር ሲዘገይ የጣቢያው ሹም እንዴት እንደሚንቆራጠጡ፤ ጎርፍ ሐዲዱን በወሰደ ዓመት ዘጠና ሰው ማረፊያ አዳራሹ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን እንዴት እንዳደረ። ደወል ትጠይቃለች፣ ሽቦ ትጽፋለች። አሥራ አራት ገጽ ሞላ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ገጽ አደረጉት። «ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው፣ ልጆች። እግሩ ይዝላል» አሉ።

*

ዓርብ ረፋድ ላይ ባዶ ክፍል ውስጥ ተለማመዱ። ሽቦ ድርሻዋን አንብባ ጨረሰችና ጠረጴዛ ላይ ዘፍ አለች።

«አንቺ ስታነቢ ማይክ አያስፈልግም። እኔ ሳነብ ግን አንድ ሰው ቢያስል እዋጣለሁ።»

ደወል አልሳቀችም። «ስትመለሺ» አለች ቀስ ብላ፣ «አሥራ አራቱንም ገጽ እንደገና ገልብጠን ለቤተ መጻሕፍቱ ብንሰጠውስ?»

«ደስ ይለኛል! ስመለስ መጀመሪያ እሱን ነው የምንሠራው።»

«ሁለት ሳምንት ነው አይደል?»

«ሁለት ሳምንት። ምነው ዛሬ? ሙድሽ ልክ አይደለም።»

ዓይኗን በጨው አጥባ። ደወል «አትፎግሪኝ! አልጋሽን አይቼዋለሁ!» ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሽቦ የደብተሯን ጠርዝ በጥፍሯ ስትፍቅ አየች። ስትጨነቅ እንደዚያ ታደርጋለች። ተወችው።

«ራሴን አሞኝ ነው» አለች።

ስለዚህ ሁለቱም ዋሹ።

*

ከሰዓት በኋላ እግሯ ወደ አባባ ባንዲራ ቤት ወሰዳት። ሽቦና እናቷ ዘመድ ሊሰናበቱ እንደሚወጡ ታውቅ ነበር። አንድ የቀረ ጥያቄ አለኝ ብላ ራሷን አሳመነች፤ እውነቱ ግን ቤቱን በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነው።

ቤቱ ከጣቢያው ሰባት ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ማቋረጫው አጠገብ ነው።

«ነይ፣ ደወሌ። ኮቴሽን ለየሁት። በሩን ግፊው።»

ገፋችው። መስታወቱ የነበረበት ግድግዳ ላይ ከሌላው የነጣ አራት ማዕዘን ቀርቷል። የአባባ አልጋ፣ የአባባ ወንበር፣ የአባባ ሬዲዮ ቦታቸው ናቸው። ሌላው ወለል ነው።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ለጽሑፉ አንዲት ነገር…»

«ድምፅሽ ተለወጠ።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ጉንፋን አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ቤቱ ነው። እኔም እያሳልኩ ሞክሬዋለሁ። ዕቃ ያለበት ቤት ድምፅ ይውጣል፤ ባዶ ቤት ይመልሳል። ጆሮዬን እንኳ አልሸፈኑብኝም፣ የዋሆች ናቸው።» ወንበራቸው ላይ ትንሽ ወደ ፊት አዘነበሉ። «አንቺ ባዳ ነሽ፣ አትዋሺኝም። የልጅቷን አልጋ ወስደውታል?»

ደወል መሬት መሬት አየች። አላውቅም ማለት ቀላል ነበር። ግን እኚህ ሰው ወር ሙሉ የጠየቀቻቸውን ሁሉ መልሰውላታል።

«ወስደውታል አባባ። ትናንት ሚዛን ላይ አየሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚገባ እንደተነገራቸው።

«አራተኛ ፎቅ ነው አሉ ቤቱ። አንዲት ክፍል። ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ለልጄ ሥራ ተገኘለት፣ እሰየው። እኔን በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ለደረጃ ማን ይጎትተኛል? ሴቷ ልጄ እዚሁ ከጎኔ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ ታየኛለች። አልተቀየምኳቸውም። እኔም ብሆን ይሄንኑ አደርግ ነበር። ግን ይንገሩኛ! ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ልጅቷማ አንገቴን አቅፋ ነው የምትዋሸኝ።»

«ታዲያ ለምን አውቃለሁ አይሏቸውም?»

ከሩቅ የጭነት ባቡር ጮኸ፤ አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ሚስቴ፣ የልጅቷ አያት፣ ታማ ነበር» አሉ። «ይሄን ለጽሑፉ አልነገርኳችሁም። ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ አለ። ሁለት ሳምንት ብቻ አሉኝ እኔንም። ተረኛ ነበርኩ፤ ጣቢያ ድረስ ልሸኛት አልቻልኩም። እዚህች ማቋረጫ ላይ ቆሜ አረንጓዴ ባንዲራ አወጣሁላት። ሦስተኛው ፉርጎ ላይ በመስኮት ብቅ አለች። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ሽንኩርቱን ውሃ አጠጣ› አለች። እኔ ደግሞ ‹እሺ› አልኳት። በቃ። እሷም እንደማትመለስ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን የመጨረሻ ወሬያችን ሽንኩርት ሆነ።»

ደወል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«የተመለሰችው በሬሳ ሣጥን፣ በጓዝ ፉርጎ ነው። ያኔ ደንቡ፣ በዕቃ ፉርጎ የመጣ ሁሉ ሲደርስ እንደገና ይመዘናል። የጓዝ ክፍሉ ልጅ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበር። ‹ሚዛን ላይ አላወጣትም› አለ። አለቃው ጮኸበት። ልጁ መዝገቡ ላይ ዜሮ ኪሎ ብሎ ጻፈና ፈረመ።» ፊታቸውን ወደ ደወል አዞሩ። «አባትሽ ነው።»

«አባባ፣ እንግዲያው ለሽቦ…»

«አይሆንም!» እጃቸውን ዘርግተው አየሩ ውስጥ ፈለጓት፤ ክንዷን ያዙ። «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት። እኔን ላለማሳዘን ብላ ወር ሙሉ የተሸከመችው ነው። በከንቱ እንደተሸከመችው ካወቀች ወገቧ ይሰበራል። ደስ ብሏት ትሂድ። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃል እገባለሁ» አለች ደወል።

ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ሁለቱ ነገሮች አልገጥም አሏት። በሽንኩርቱ እስከ ዛሬ የሚያለቅሱት ሽማግሌ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሽንኩርት ሊያጠጡ ነው።

አባቷ ገና ከሥራ ገብቶ ጫማውን እየፈታ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የአባባ ባንዲራን ሚስት… አንተ ነበርክ?»

ቀና ብሎ አያት። «እዚያ ሚዛን ላይ የወጣ ነገር…»

«ሚዛን ላይ አልወጡም እኮ» አለች።

አባቷ አንዱን ጫማ አውልቆ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠ። «ያን ቀን አለቃዬ ደንብ ነው አለኝ» አለ። «እውነቱን ነው። ደንብ ጥሩ ነገር ነው፤ ከመቶ ቀን ዘጠና ዘጠኙን ይሠራል።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መሳፈሪያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ከሚሄደው የሚያየው ይበልጣል። ባቡሩ የሚነሳው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሽቦ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ የንባብ ወረቀቷን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘች መጣች።

«ፈራሁ! እጄን ንኪው፣ በረዶ ነው።»

«አባባስ?» አለች ደወል።

«ቤት ነው። ሰው ይገፋዋል፣ ይደክመዋል ተብሎ… ባቡሩ በበሩ ሲያልፍ ይሰማዋል።» ሽቦ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ጠዋት ተሰናበትኩት። ስመለስ ምን ላምጣልህ ስለው፣ ራስሽን አለኝ። ደህና ነው፤ ምንም አላወቀም… ማለቴ፣ ምንም አልመሰለውም።»

ደወል የገባችው ቃል ትዝ አላት። የሽማግሌው ጣቶች ክንዷ ላይ ያረፉበት ቦታ አሁንም የሚሰማት መሰላት። ባትናገር ለራሷም ይሻላት ነበር። ባቡሩ ሊነሳ አርባ አምስት ደቂቃ አለ፤ ጎን ለጎን ቆመው ያነባሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ እንደ እውነተኛ ጓደኛ ይለያያሉ። ሽቦ «ሁለት ሳምንት ብቻ» ትላለች፣ እሷም «እሺ» ትላለች።

«ሽቦ፣ አባባ ያውቃሉ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አልጋሽን። አራተኛ ፎቁን። ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር። አንቺ እንዳትከፊ ብለው ነው ዝም ያሉት።»

የሽቦ ፊት መጀመሪያ ባዶ ሆነ። ከዚያ ደም ለበሰ። «አንቺ ነሽ የነገርሽው።»

«እኔ አይደለሁም…»

«አንቺ ነሽ! ለአንቺ ያልነገርኩት ለዚህ ነበር! ቤታችን የምትውዪ፣ የምታውቂውን ሁሉ ፊትሽ ላይ ጽፈሽ የምትዞሪ! ወር ሙሉ አንጀቴ እያረረ የደበቅኩትን…» ድምፅዋ ተቆረጠ። ሰዎች ዞር ዞር ብለው አዩዋቸው።

ማስረዳት ይቻል ነበር። አምስት ደቂቃ ብቻ ይበቃ ነበር። ደወል የጣቢያውን ሰዓት አየች፤ አምስቱን ደቂቃ ለራሷ ማድረግ አልቻለችም።

«ሂጂ» አለቻት። «ሰባት ደቂቃ ነው። ሩጪ።»

«ንባቡስ?»

«እኔ አለሁ።»

ሽቦ ወረቀቷን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች። ዞር ብላ አላየቻትም።

*

መምህሩ ሁለቱን ሲጠሩ አንዷ ብቻ ወጣች። ደወል ሦስቱን ገጽ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ከቦርሳዋ አሥራ አራቱን አወጣች። መምህሩ ከሩቅ የወረቀቱን ውፍረት አይተው ቅንድባቸው ተሰቀለ።

አነበበች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየዘረጋች። የመጀመሪያው ባቡር ሲገባ ሕዝቡ ፈርቶ እንዴት እንደሸሸ፤ ማታ ላይ ደግሞ ሊዳስሰው እንዴት እንደተመለሰ። የትኬት መስኮቶቹን። የደብዳቤ ከረጢቶቹን፣ ከፉርጎው ሲወረወሩ ማን እንደሚቀልባቸው። የመድኃኒት ሣጥኑን። እዚያ ይቆሙ የነበሩትን ባቡሮች መግቢያና መውጫ ሰዓት አንድ በአንድ። መምህሩ በእጃቸው «አሳጥሪ» አሉ። ወደ እሳቸው አላየችም።

ማረፊያ አዳራሹ ውስጥ ስለወለዱ አራት ሴቶች ስታነብ ከኋላ አንድ ጎልማሳ እጁን አውጥቶ «ሦስተኛው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ስለ ጎርፉ ስታነብ ግን ጡረታ የወጡት ትኬት ቆራጭ ሴትዮ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ አጠገባቸው ያለችው፣ ከዚያ ሌላዋ። የሽቦ እናት አንገቷን እያሰገገች ልጇን ትፈልጋለች። የሽቦ አባት ግን አንዴ ወደ ማቋረጫው መንገድ አየ፤ ከዚያ የሚስቱን ክንድ ያዘና አቀርቅሮ ቆመ። ገብቶታል።

ሰዓቱ አራት ሆነ። አራት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ወረቀቱ አለቀ። በመንገዱ ላይ ማንም አይታይም። ደወል ያልተጻፈ አንድ ታሪክ ብቻ ቀርቷታል፤ አረንጓዴ ባንዲራ ስለያዘ ሰው። እሱን መንገር ትችል ነበር። ግን የእሷ አልነበረም። አፏን ዘጋች።

ሰው አጨበጨበ። የጣቢያው ሹም ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው አነሱ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ አንድ ድምፅ።

አባቷ ነበር። የጓዝ መዝገቡን ብብቱ ሥር ይዞ የዕቃ ፉርጎው በር ላይ ቆሟል። «የጓዙ ቁጥር አልገጠመልኝም። እንደገና ልቆጥር።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትሳሳት ዛሬ?» አሉ ሹሙ።

«ዛሬ» አለ አባቷ።

ሹሙ አዩት። ከዚያ መሳፈሪያው ላይ አፏን ዘግታ የቆመችውን ልጅ አዩ። ፊሽካውን ኪሳቸው ውስጥ መለሱት። «ቁጠር እንግዲህ።»

አባቷ ቆጠረ። ደንበኛ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ፣ ጣቱን እያንዳንዱ ዕቃ ላይ እያሳረፈ። አሥራ ሰባት ላይ ተምታታበትና ከአንድ ጀመረ።

ሽቦ የመጣችው ሁለተኛው ቆጠራ ሃያ ሦስት ሲደርስ ነው። አንድ ጫማዋ በእጇ ነው፣ ፀጉሯ ተፈቷል፣ ዓይኗ አብጧል። የሽቦ አባት ምንም ሳይጠይቅ እጇን ይዞ ወደ ፉርጎው ሳባት። ደወል ሰው እየገፋች ሮጠች። ስትደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ፊሽካው ተነፍቷል።

ሽቦ በመስኮቱ ታየች። መስኮቱ አይከፈትም ወይም አልከፈተችውም። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ደወልን አየቻት። እጇን አላወዛወዘችም። ፈገግም አላለች፣ ፊቷንም አላዞረች። ተቀይማ ይሁን፣ ማልቀስ ደክሟት ይሁን፣ ደወል ልትለይ አልቻለችም። ባቡሩ እስኪታጠፍ ድረስ እየተያዩ ነበር።

ከዚያ መሳፈሪያው ላይ ሰው ብቻ ቀረ፤ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ሰው።

*

አባባ ባንዲራን ደጃፋቸው ላይ፣ ወንበራቸውን ወደ ሐዲዱ አዙረው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበታቸው ላይ የሱሪያቸው ጨርቅ በእንባ ረጥቧል፤ የአንድ ሰው ራስ የሚያህል ቦታ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።» ደወል ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። «የነገርኳት እኔ ነኝ አባባ። ቃሌን በላሁ።»

«በልተሻል» አሉ።

ደግ አደረግሽ አላሏትም። ክፉ አደረግሽም አላሏትም። ፊታቸው ወደ ሐዲዱ እንዳለ ነው። ደወል ስድብ ጠበቀች፤ አልመጣም። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ተባባላችሁ?» አለች።

«ምንም። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ‹አባባ፣ የምመለስበትን ቀን አላውቀውም› አለችኝ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ባለው እርጥብ ቦታ ላይ አሳረፉ። «‹እኔም አላውቀውም› አልኳት።»

«እኔን ተቀይማኛለች?»

ሽማግሌው አሰቡ። ሊያጽናኗት ቢፈልጉ ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።

«አላውቅም፣ ልጄ። ስላንቺ ለማውራት ጊዜ አልነበረንም።»

ያኔ ነው ደወል ያለቀሰችው። ሐሙስ ሚዛኑ ፊት ያልወጣው፣ ዓርብ ባዶው ክፍል ውስጥ ያልወጣው ሁሉ ወጣ። እንባዋን ስትጨርስ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሳች።

«አባባ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ…»

«ተይ» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «አትንገሪኝ። ስንት ሰው እመጣለሁ አለኝ። ከመጣሽ መምጣት ነው።»

ደወል አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። ቃል ሳትገባ ሄደች።

ሰኞ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያበቃ ጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከግቢ ወጣች። መንገዱ መንታ ላይ የሰፈሯ ልጆች በግራ ታጠፉ። «ደወል፣ አትመጪም እንዴ?» አሏት።

«እናንተ ሂዱ» አለችና በሐዲዱ ጎን ወደ ማቋረጫው ቀጠለች።